በልብ ወለድ ታሪክ ስለሚገቡ ሰዎች ቍጥርና ስለ ጠባቸው

ልብ ወለድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ሁለት ነገር ይቈርጣል፤ አንደኛው፥ በታሪኩ ስንት ሰው ይግባ፤ ሁለተኛውም፥ የገቡት ሰዎች ስለ ምን ይጣሉ የሚል ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን በእውነቱ አንድ ጥያቄ እንደ ሆኑ የአማርኛ ልብ ወለድ የሄደበት መንገድ ያስረዳል።

ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ያሳተሙት፥ ኋላም «ጦብያ» የተባለው መጽሐፍ፥ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ስም ነበረው፤ ስሙም የዚህ ዐይነቱ ጽሕፈት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ዋኖቹ ሰዎች በጣት የሚቈጠሩ ናቸው፤ የተማረከው የጦር አለቃ፥ መንታ ልጆቹ ዋሕድና ጦብያ፥ የቤዛውን ገንዘብ የሰጠው ነጋዴ፥ አረመኔው ንጉሥና ዘመዱ የሆነችው ልጃገረድ ናቸው። ጠቡ ከውጭ የመጣ ነው፤ ቤተ ሰቡን የሚበትነው ጦርነትና ምርኮ ነው እንጂ አባትና ልጆች እርስ በርሳቸው አይቃወሙም። ስለዚህ ጥቂት ሰው ይበቃል። ጦብያ የወንድ ልብስ ለብሳ በሄደች ጊዜ ልጃገረዲቱ ወንድ መስላት ትወዳታለች፤ በዚህም አዲስ ሰው ሳይጨመር አዲስ ጭንቀት ተወለደ። በመጨረሻም ንጉሡ ክርስትናን ተቀብሎ ጦብያን ሲያገባ ጠላት የነበረው አማች ሆነ፤ ጠቡም አለቀ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» ጠቡን ከጦር ሜዳ ወደ ቤት አገቡት። አወቀ በፈረንሳይ አገር ተምሮ ሲመለስ ስለ ተዝካርና ስለ ሠርግ ልማድ የሚከራከሩት የገዛ ዘመዶቹ ናቸው። በዚህ መጽሐፍ አንድ ሰው ከብዙ ሰው ጋራ ይቆማል፤ ብዙዎቹም የአንዱን ልማድ ቃል ስለሚናገሩ እያንዳንዳቸውን ለይቶ መሣል አላስፈለገም።

ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ሰው በዛ፤ የበዛውም ለጌጥ አይደለም። ጠቡ የአንድ ሰው ሳይሆን የጎጃም ባላባት ሥርዓት ሁሉ ጠብ ስለ ሆነ፥ በየበኩሉ የሚቆም ሰው ፈለገ። ፊታውራሪ መሸሻ ከአበጀ በለው ጋራ ሲጣሉ ክርክሩ የጌታና የገበሬ ነው፤ ከጉዱ ካሣ ጋራ ሲጣሉ ባላባት ራሱን መመርመሩ ነው፤ ሰብለ ወንጌልን ሳይድሩ ሲያስቀሩ ደግሞ የዘር ኩራት ከአባትነት ጋራ ይታገላል። በዛብህም ወላጆቹ የተሳሉት ብፅዓት በአንድ ወገን፥ ፍቅሩ በሌላ ወገን ስለሚስቡት ጠቡን በገዛ ልቡ ይሸከማል። ጉዱ ካሣ ቢወጣ በባላባቶቹ ላይ ከመካከላቸው የሚፈርድ ይጠፋል፤ አበጀ በለው ቢወጣም የገበሬው በደል ያለ ክንድ ይቀራል። ፊታውራሪው ራሳቸውም ክፉ ለመሆን ብለው አይሠሩም፤ የአባቶቻቸውን ክብር የሚጠብቁ ይመስላቸዋል። ጠቡ ነፍስ ያገኘውም በዚህ ነው፤ በሁለቱም ወገን ምክንያት አለና።

እንግዲህ ደራሲ ሰዎቹን ከመቍጠሩ አስቀድሞ ጠቡን ይመዝን። ጠቡ አንድ ቤት የሚሞላ ከሆነ፥ አንድ ቤተ ሰብ ይበቃዋል፤ አገር የሚሞላ ከሆነ ግን አገሩን ይጥራ። ቢወጣ ከክርክሩ ምንም የማያጐድል ሰው ስም ባይሰጠው ይሻላል።