አቦል ስንት ኮከብ ያገኛል?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ስልኩን አውጥቶ ካርታው ላይ «ካፌ» ብሎ ቢፈልግ፣ እንደ ማንኛውም የመንገድ ዳር ከተማ፣ ጥቂት ስሞችና ከስማቸው ሥር ቢጫ ኮከቦች ይመጡለታል። አስተያየቶቹን የትም አይታችኋቸዋል፦ ማኪያቶው አሪፍ ነው፣ ዋይፋይ የለም፣ መስተንግዶው ይዘገያል። ለአንዱ አራት ኮከብ፣ ለአንዱ ሦስት፤ ከዚያ ጉዞ ይቀጥላል።

እኔም ከመዛኞቹ አንዱ ነኝ። በሐይቅ፣ በውጫሌና በደሴ ቡና የጠጣሁባቸውን ቤቶች በማስታወሻ መያዝ ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል፤ ጓደኞቼ ወደዚያ ሲሄዱ «የት እንጠጣ?» ብለው የሚደውሉት ለእኔ ነው። ማስታወሻው እየበዛ ሲመጣ ግን ሌላ ጥያቄ ያዘኝ። እዚህ አገር ቡና መመዘን የተጀመረው መቼ ነው? መዛኙስ ማን ነበር? ወደ ኋላ እየሄድኩ ሳነብ ያገኘሁት ነገር ከጣዕም ጋር ብዙም የማይገናኝ ሆነ። በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ለብዙ ዘመን ስለ ቡና የሚጠየቀው «ይጣፍጣል ወይ?» ሳይሆን «የማን ነው?» ነበር።

የማን ነው?

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሐይቁ ውስጥ ገባ ያለ መሬት ላይ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ዱሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል። አባ ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1248 ማኅበረ መነኮሳቱን ካቋቋሙ በኋላ ቦታው የጸሎት ብቻ ሳይሆን የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል ሆነ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩት እዚህ ነው። የገዳሙ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» ይባሉ ነበር፤ በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ማዕረግ በቤተ መንግሥት ውስጥ ከፍተኛ ሥልጣን ነበረው። ቃል በቃል ሲፈታ «የሰዓት ጠባቂ» ማለት ነው።

በዐቃቤ ሰዓቱ ሰዓት ውስጥ ግን የቡና ሰዓት አልነበረም። የቡና ዛፍ የራሳችን ቢሆንም፣ መጠጡ ስም ያወጣው በሌላ በኩል ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ሌሊቱን በዚክር ሲያድሩ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ቡና ይጠጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ መጠጡን በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ያስፋፉት ሙስሊም ነጋዴዎችና የሃይማኖት ሰዎች ናቸው። በዚህ የተነሣ ቤተ ክርስቲያን ቡናን የእስላም መጠጥ አድርጋ ቆጠረችው፤ ለምእመናኗም ከለከለች። ጫትና ትምባሆም እዚያው መዝገብ ውስጥ ገቡ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ አውሮፓውያን መንገደኞች ክርስቲያኑ ቡና እንደማይነካ ጽፈው አልፈዋል። ለየት የሚለው የጣና ዳሩ ዘጌ ነው። እዚያ ገዳማቱ ራሳቸው በቡና ጫካ ውስጥ ናቸው፤ የአገሩ ሰውም ተክሉን ከአቡነ በትረ ማርያም በረከት ጋር አያይዞ ይተርካል።

ደግሞ ይህ የእኛ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1511 በመካ ኻይር ቤግ የተባለ ሹም ቡናን ከልክሎ ነበር፤ የበላዮቹ በካይሮ ሆነው ሻሩት። በ1675 የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ የለንደን ቡና ቤቶች ይዘጉ ብሎ አዋጅ አወጣ፤ ጩኸቱ ሲበዛበት በቀናት ውስጥ መለሰው። መካም ለንደንም የፈሩት የሲኒውን ጣዕም አይደለም። ሹሞቹን ያስጨነቃቸው ሲኒውን ከብበው የተቀመጡት ሰዎችና የሚያወሩት ወሬ ነው።

ወሎ ላይ ጥያቄው ከሁሉም በላይ ይከብዳል፤ ምክንያቱም እዚህ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ መንደር፣ ብዙ ጊዜም አንድ ቤተ ዘመድ ነው። ገዳሙ ባለበት በዚሁ ምድር ጌታ፣ ዳና እና ጀማ ንጉሥን የመሰሉ የሱፊ ማዕከሎች አሉ። በእነሱ ዘንድ ቡና የመንዙማና የዱዓ ጓደኛ ነው። ወዳጃ ተቀምጦ የሚለምን ሰው ፊቱ ጀበና አለ፤ ዱበርቲዎች፣ እነዚያ የወሎ እናቶች፣ ዱዓቸውን የሚያደርሱት ቡናው ሲቀርብ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ አንዱ ቤት የሚጸለይበት መጠጥ ጎረቤት ቤት የሚከለከል መጠጥ ነው።

ከቦሩ ሜዳ በኋላ

እ.ኤ.አ. በ1878 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ። የወሎ ሙስሊም መኳንንት ክርስትና እንዲነሡ ተደረገ። መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው እሳቸው ናቸው። ሕዝቡም እንዲከተል ታዘዘ። እምቢ ያለው ተሰደደ፣ ሸይኽ ጠልሓ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉ ዐሊሞች ደግሞ ተቃውሞውን መሩ። እንዲህ ባለ ዘመን አንድ ሰው በጓዳው የሚጠጣው ነገር የግል ጉዳይ አይሆንም። ሲኒው ይመሰክርበታል።

ከዚያ ግን ነገሩ በፍጥነት ተለወጠ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ጠጪ ነበሩ። አቡነ ማቴዎስም «ቡና የእስላም ነው» የሚለውን የካህናት አስተሳሰብ በማስተው ትልቅ ሚና ነበራቸው። በዚያው ዘመን ቡና የውጭ ገንዘብ ማምጫ እየሆነ መጣ፤ መንግሥት የሚሸጠውን ነገር ርኩስ ብሎ መቆየት ደግሞ አይመችም። ከሐይቅ ትንሽ ራቅ ብላ አምባሰል ውስጥ ያለችው ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ስሟ በዓለም ታሪክ ገብቷል። የምኒልክ ዘመን ለእነዚህ መንደሮች ውሉን ብቻ ሳይሆን ሲኒውንም ይዞ መጣ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የሚገርመኝ ክርስቲያኑ ቡናውን ሲቀበል ስሙን አለመቀየሩ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንላለን። አቦል ከዐረብኛው «አወል» ነው፣ የመጀመሪያ ማለት፤ ቶናም «ሁለተኛ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው ይባላል፤ በረካማ በረከት ነው። የቄሱ ባለቤትም የሸይኹ ባለቤትም የሚቆጥሩት በአንድ ቋንቋ ነው። ለሁለትና ለሦስት መቶ ዓመት የማን ነው ሲባል የነበረ ነገር በአንድ ሁለት ትውልድ የሁሉም ሆነ።

ቡና ቤት ያልሆነው ቡና ቤት

አሁን ወደ ቤቶቹ እንምጣ፤ ምክንያቱም ኮከብ የሚሰጠው ለቤት ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ መንገድ ሠራ፤ አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአስመራ ጋር ያገናኘው መስመር ሐይቅን አቋርጦ ያልፋል። ከመንገዱ ጋር ሹፌር፣ ከሹፌር ጋር የመኪና መቆሚያ፣ ከመቆሚያው ጋር ማሽን ቡና መጣ። ማኪያቶ፣ ካፑቺኖ፣ ባሬስታ የሚሉት ቃላት የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ ቶሞካ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲከፈት ይህ ልማድ የከተሜ ወግ ሆኖ ነበር።

ግን አማርኛችን አንድ ተንኮል ሠራ። «ቡና ቤት» ስትሉ ቡና የሚጠጣበት ቤት ማለታችሁ አይደለም፤ ቢራ ቤት ማለታችሁ ነው። ቃሉ ቀስ በቀስ ወደ መጠጥ ቤት ዞረ፤ «የቡና ቤት ሴት» የሚለው አጠራርም ክብር የሚነሣ ስድብ ሆነ። ቡና ብቻ የምትሸጥ ሴት ታዲያ ቤቷን ምን ትበል? «ሻይ ቤት» አለች፣ «ቁርስ ቤት» አለች፣ ካላት ደግሞ «ካፌ»። ዛሬ በየአስፋልቱ ዳር ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ ረከቦት ዘርግታ፣ ከሰል አቀጣጥላ የተቀመጠችው ደግሞ «ጀበና ቡና» ትባላለች። በትክክል ቡና ቤት የሆነችው እሷ ነበረች፤ ስሙን ግን ሌላው ወሰደባት።

ይህን የምላችሁ ለቃል ጨዋታ አይደለም። ካርታው ላይ ኮከብ ለማግኘት መጀመሪያ ስም ያስፈልጋል። ሰሌዳ የሌላት፣ ዝናብ ሲመጣ ሸራዋን ጠቅልላ የምትነሣ ሴት አንድም ኮከብ አይወጣላትም፤ አምስትም አንድም አታገኝም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴንና አካባቢዋን ሲያዳርስ ብዙ ቤት ተዘጋ፣ ብዙ ሰው ተፈናቀለ። ነገሩ ረገብ ሲል ቶሎ የተመለሰው ካፒታል የማይጠይቀው ሥራ ነው፦ አንድ ጀበና፣ ጥቂት ስኒ፣ ጥቂት በርጩማ። በዚያ ጀበና ቤተሰብ የሚተዳደርባቸው ሴቶች ብዙ ናቸው። እኛ መዛኞች ደግሞ እነሱን አናያቸውም።

ኮከቡ ከየት መጣ?

የኮከብ ምዘና አባት ጎማ ሻጭ ነው። የፈረንሳዩ ሚሽላን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1900 ለባለ መኪኖች መመሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ ሰው ብዙ ሲነዳ ጎማው ቶሎ ያልቃልና። በ1926 ለምግብ ቤቶች ኮከብ መስጠት ጀመረ። ኋላ ላይ ሁለት ኮከብ «መንገድ ቀይሮ ቢሄዱበት ያዋጣል»፣ ሦስት ኮከብ ደግሞ «ለእሱ ብቻ ተብሎ ቢጓዙ ያዋጣል» ማለት ሆነ። ልብ በሉ፣ ይህ ከመጀመሪያውም የአላፊ መንገደኛ ሚዛን ነው። ጥያቄው «ልቁም ወይስ ልለፍ?» የሚል ነው።

የቡናው ሚዛንም ሩቅ አገር ለሚጠጣው ሰው የተሠራ ነው። ቀማሾች በማንኪያ ፉት እያሉ ከ100 ነጥብ ይሰጣሉ፤ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ «ስፔሻሊቲ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ቡናን በደረጃ ለይቶ ማገበያየት ጀመረ፤ በ2020 ደግሞ «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ አገራችን ላይ ተካሄደ። ለገበሬው ትልቅ ነገር ነው፤ ነጥብ ዋጋ ያወጣል። ሌላው ገጽታው ግን ይህ ነው፦ ለውጭ ገበያ የሚበቃው ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕግ ሲከለክል ኖሯል። ከምርታችን ግማሽ ያህሉን እኛው ራሳችን እንጠጣለን፤ ሐይቅ መንገድ ዳር ምጣድ ላይ የሚወድቀው ፍሬ ግን በአብዛኛው ያ ፈተና የጣለው ነው። ከዚያ ፍሬ ሦስት ጊዜ የሚጠጣ ነገር የምታወጣ ሴት ለእኔ ከማንኛውም ባሬስታ አታንስም። እጥባ፣ ቆልታ፣ ጢሱን በእጇ ወደ እንግዳው ሰዳ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ ነው። «መስተንግዶው ይዘገያል» ብሎ ኮከብ የሚቀንስባት ሰው የቀነሰው ለድካሟ ነው።

የሰፈሩ ሚዛን

ሰፈር የራሱ ሚዛን አለው፤ ከኮከብም ይጨክናል። «እነ እንትና ቡና አይጠራሩም» ከተባለ ሁሉም ነገር አልቋል፤ ጠብ አለ ማለት ነው። ጥሩ ጎረቤት የሚመሰገነው «ቡና ጠጡ» ብሎ በመጣራቱ ነው። ቡናው ቀጠነ ወፈረ የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

በሐይቅ ይህ ሚዛን ሌላም ክብደት አለው። ሥጋ የሚበላበት ቤት እስከ ዛሬ በሃይማኖት ይለያል። አንዱ በቢስሚላሂ፣ ሌላው በስመ አብ ይባርካል፤ አንዱ የሌላውን አይበላም፤ በሠርግና በለቅሶ ሁለት ድስት ይጣዳል። ይህ ልማድ ነው፣ ማንም አይቆጣበትም። ሁለት ነገሮች ግን ከዚህ መስመር ውጪ ናቸው። አንዱ ከሐይቁ የሚወጣው ዓሣ ነው፤ ቢላዋው ላይ የሚባል ቃል ስለማያስፈልገው ሁሉም ይበላዋል። ሁለተኛው ቡና ነው። ያ በአንድ ዘመን ሰውን ለይቶ ያስቆመ መጠጥ ዛሬ ሁሉንም አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ሆኗል።

ስለዚህ ማስታወሻዬ ላይ ዓምዶቹን ቀይሬያለሁ። ዋይፋይ የሚለውን አውጥቻለሁ። አሁን የምጽፈው አራት ነገር ነው። ቡናው ፊቴ ተቆላ ወይስ ዱቄት ሆኖ ከላስቲክ ወጣ? በረካ ድረስ ይደርሳል ወይስ በአቦል ይባረራል? ቁርሱ ቆሎም ይሁን ፈንዲሻ፣ ለሁሉም እኩል ይዞራል? አራተኛውና ትልቁ፦ አጠገቤ የተቀመጠው ማን ነው? ነጠላ ያጣፋች እናት፣ ኩፍታ ያደረገ ሽማግሌ፣ ከሚኒባስ የወረደ ተሳፋሪ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ በአንድ አግዳሚ ከተደረደሩ ያ ቤት ሙሉ ነጥብ አለው፤ ስኒው ጠርዙ የተሸረፈ ቢሆንም።

ከእናንተ መሀል በዚያ መንገድ የሚያልፍ ካለ አንድ ነገር ልለምን። ካርታው ያሳያችሁን ካፌ ተውት አልልም፤ ማኪያቶም ይጠጣል። ግን ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ሸራም እዩት። ስሟን ጠይቋትና ፈቃደኛ ከሆነች ቦታዋን ካርታው ላይ አስገቡላት። ደግሞ ከአቦል አትነሡ። ሁለተኛው ላይ ጨዋታው ይሞቃል፤ ሦስተኛው ላይ ይመረቃል።