የከተማ የምርጫ ክልል ታሪክ በጅማና በአካባቢው የቡና ከተሞች

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በነበረው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ውስጥ ለከተሞች ለብቻቸው የተመደበ የእንደራሴ መቀመጫ ነበር። መቀመጫው ከገጠሩ የምርጫ ክልል የተለየና በሕዝብ ቁጥር ላይ ብቻ የተመሠረተ ሲሆን፣ በወቅቱ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ርዕሰ ከተማ ለነበረችው ለጅማና በቡና ንግድ ለተቆረቆሩት የአካባቢዋ ከተሞች የነበረው ትርጉም የተለያየ ነው።

ሐምሌ 1923 ዓ.ም የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶችን ያቋቋመ ቢሆንም፣ የሕግ መምሪያው አባላት የሚመረጡት በመኳንንቱና በአገር ሹማምንቱ እንጂ በሕዝብ ድምፅ አልነበረም። ጅማም በዚያን ጊዜ ገና በአባ ጅፋር ቤት ሥር ነበረች። ቤተ መንግሥቱ በጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገበያው ደግሞ ሜዳው ላይ በሂርማታ ነበር፤ የዛሬዪቱ ከተማ የተስፋፋችውም በዚሁ በሂርማታ ገበያ ዙሪያ ነው።

ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ የተፈቀደው በጥቅምት 1948 ዓ.ም በታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አገሪቱ በተቻለ መጠን ሁለት መቶ ሺህ ነዋሪ በያዙ የምርጫ ክልሎች ተከፍላ፣ እያንዳንዱ ክልል ሁለት እንደራሴዎችን ይመርጥ ነበር። ከዚህ በተጨማሪ ከ30 ሺህ በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ አንድ እንደራሴ፣ ከ30 ሺህ በላይ ለሚገኘው ለእያንዳንዱ 50 ሺህ ሕዝብ ደግሞ አንድ ተጨማሪ እንደራሴ እንዲኖረው ተደነገገ። በገጠሩ አንድ እንደራሴ የሚደርሰው ለመቶ ሺህ ሰው ሲሆን፣ ከተሜው ግን ከ30 ሺህ ሲያልፍ የራሱን ሰው ይልክ ነበር። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

በከፋ ጠቅላይ ግዛት ይህን ቁጥር ለማሟላት ተስፋ የነበራት ከተማ ጅማ ብቻ ነበረች። አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ ቦንጋና ሚዛን ተፈሪ ከመስፈርቱ እጅግ ይርቁ ስለነበር፣ ነጋዴዎቻቸው፣ ሸማኔዎቻቸውና የመንግሥት ሠራተኞቻቸው ድምፅ ይሰጡ የነበረው ከዙሪያው ገበሬ ጋር በአንድነት ነው። በእርግጥ በቡና አገር ከተማና ገጠር ፈጽሞ የተለያዩ አይደሉም፤ የከተማው ነጋዴ ሀብት የሚገኘው ከገበሬው ማሳ ነውና። ይሁን እንጂ የመንገድ መብራት፣ የውኃ መስመር፣ የቤት ኪራይና የንግድ ፈቃድ ጉዳይ ያሳሰበው ከተሜ ከብዙ ሺህ ባላገር መካከል ድምፁን ማሰማት ቀላል አልሆነለትም።

የመምረጥ መብት ዕድሜው 21 ዓመት ለሞላውና በምርጫ ክልሉ ዘወትር ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ነበር። ለመመረጥ ግን 25 ዓመት መሙላት፣ በክልሉ ውስጥ መኖርና በዚያው ንብረት ያለው መሆን ያስፈልግ ነበር። ይህ ሁኔታ ቤትና መጋዘን ላለው የቡና ነጋዴ የሚያስቸግር አይደለም። ለቡና ለቀማ ከሩቅ መጥቶ ለሚመለሰው የቀን ሠራተኛ ግን የመምረጡም የመመረጡም በር የተዘጋ ነበር። የፖለቲካ ፓርቲ ስላልነበረም ተወዳዳሪው የሚቀርበው በግሉ፣ በዝናውና በዘመዱ ብርታት ነበር።

የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም መባቻ ተካሂዶ 210 እንደራሴዎች ሲመረጡ፣ በኋላ የመቀመጫው ቁጥር ወደ 250 ከፍ ብሏል። በየአራት ዓመቱ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ዓ.ም ምርጫ የተደረገ ሲሆን፣ የመጨረሻው ምክር ቤት ዘመኑን አልፈጸመም። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ሥልጣን ሲይዝ ምክር ቤቱን በመበተኑ የከተማ የምርጫ ክልልም አብሮ አበቃ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ለከተማ እጩነት ዋነኛ መሠረት የነበረው የቤት ንብረትም ከባለቤቶቹ እጅ ወጣ።

ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም ለብሔራዊ ሸንጎ በተካሄደው ምርጫ 835 አባላት የተመረጡ ሲሆን፣ እጩዎቹን የሚያቀርቡት የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ፣ የብዙኃን ድርጅቶችና የጦር ክፍሎች ነበሩ። ከተሜው በግሉ የሚቀርብበት መንገድ አልነበረም።

በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት ከእያንዳንዱ የምርጫ ክልል አንድ ተወካይ በአብላጫ ድምፅ እንዲመረጥ፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቁጥርም ከ550 እንዳይበልጥ ደንግጓል። ለከተሞች የተለየ መቀመጫ አልተመደበም፤ የተለየ ውክልና የተሰጠው ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በ2002 ዓ.ም አጋሮን፣ በ2007 ዓ.ም ደግሞ ጎማን ወክለው ወደ ምክር ቤቱ መግባታቸው ከተማዋና በዙሪያዋ ያለው ወረዳ ምን ያህል የተቀራረቡ እንደሆኑ ያሳያል።

የ1948ቱ ስሌት ዛሬ ቢሠራበት ኖሮ ውጤቱ ምን ይሆን እንደነበር ማየት ይቻላል። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ 88 ሺህ 867 ነዋሪ የነበራት ጅማ ሁለት እንደራሴዎች ይገቧት ነበር። በ1999ኙ ቆጠራ 120 ሺህ 960 ብትደርስም ቁጥሩ ከሁለት አያልፍም፤ ለሦስተኛው 9 ሺህ 40 ሰው ይጎድላታል። በዚሁ ቆጠራ 25 ሺህ 458 ሕዝብ የተመዘገበባት አጋሮ ደግሞ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም የ30 ሺህን ደፍ አላለፈችም።

በሥራ ላይ ባለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 103 መሠረት የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ውጤቱን መነሻ አድርጎ፣ የምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ የምርጫ ክልሎችን ወሰን ይወስናል። ከ1999ኙ በኋላ ሊደረግ የነበረው ቆጠራ በተደጋጋሚ የተላለፈ ሲሆን፣ በ2011 ዓ.ም በድጋሚ እንዲራዘም ተወስኗል። በአንድ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበሩት የቡና ከተሞችም በሁለት ክልሎች ተከፍለዋል፤ ጅማና አጋሮ በኦሮሚያ፣ ቦንጋና ሚዛን ደግሞ ከኅዳር 2014 ዓ.ም ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ይገኛሉ።