የጓጉንቸሩ ምስጢር፦ ክፍትና ዝግ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች በጸጥታ ታሪክ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1851 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ታላቁ ኤግዚቢሽን በለንደን በተከፈተበት ወቅት፣ አልፍሬድ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ የቁልፍ ሥራ ዐዋቂ አንድ ዝነኛ ጓጉንቸር ለመክፈት ቀረበ። ጓጉንቸሩን የብራማ ኩባንያ በመደብሩ መስኮት አኑሮት፣ ያለ ቁልፍ ለሚከፍተው ሰው 200 ጊኒ እንደሚሸልም ያስታወቀ ሲሆን፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሚደፍረው ሳይገኝ ኖሯል። ሆብስ በ16 ቀናት ውስጥ 51 ሰዓት ያህል ደክሞ ከፈተው። ከዚህም የተነሣ ብርቱ ክርክር ተቀሰቀሰ። አንዳንዶች የጓጉንቸርን ጉድለት በአደባባይ መግለጥ ሌባን ማስተማር ነው አሉ። ሆብስ ግን ሌቦች ሙያቸውን ቀድመው የተማሩ ስለሆኑ፣ በመሸሸጉ የሚጎዳው ቅኑ ባለንብረት ነው ሲል መለሰ።

በ1883 ኦገስት ኬርክሆፍስ የተባለው ሊቅ ይህንኑ ሐሳብ በሕግ መልክ አስቀመጠው። ስለ ጦር ሠራዊት ምስጢራዊ ጽሑፍ ሲያስረዳ፣ የአሠራሩ ዘዴ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ጉዳት ሊያደርስ አይገባም፤ ምስጢር ሆኖ መጠበቅ ያለበት ቁልፉ ነው አለ።

ዛሬ የባንኩን ሒሳብና የሆስፒታሉን መዝገብ የሚጠብቀው ጓጉንቸር፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው የኮምፒዩተር አስተዳዳሪ ፕሮግራም ነው። በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የተጀመረው ዩኒክስ በ1970ዎቹ ከነምንጭ ጽሑፉ ለዩኒቨርሲቲዎች ይታደል ስለ ነበር፣ ተማሪዎች እያነበቡ ጉድለቱን ያርሙት ነበር። ኋላ ግን የንግድ ዕቃ እየሆነ ሲሄድ በሩ ጠበበ። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 የግኑን ሥራ ያስታወቀው፣ ሊነስ ቶርቫልድስም በ1991 ሊኑክስን ለሁሉ ያቀረበው ከዚህ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ ከዩኒክስ አባቶች አንዱ የሆነው ኬን ቶምሰን፣ በ1984 ታትሞ በወጣው ንግግሩ ለሁለቱም ወገን ማስጠንቀቂያ ሰጠ። ፕሮግራሙን ወደ ኮምፒዩተሩ ቋንቋ የሚመልሰው አቀናባሪ ራሱ የተበከለ እንደ ሆነ፣ በምንጩ ጽሑፍ ላይ ፈጽሞ የማይታይ የጓሮ በር ሊያበጅ እንደሚችል አሳየ። ስለዚህ ጽሑፉን ማንበብ ብቻውን ሙሉ ዋስትና አይሆንም።

ዝጉ ወገን የራሱ ብልጫ አለው፤ ተጠያቂ ባለቤትና ደመወዝተኛ ባለሙያ አያጣም። በ2001 ኮድ ሬድና ኒምዳ የተባሉት ትሎች ብዙ ኮምፒዩተሮችን ካጠቁ በኋላ፣ በጥር 2002 ቢል ጌትስ ለማይክሮሶፍት ሠራተኞች በላከው ደብዳቤ ከአዳዲስ ነገሮች ይልቅ ጸጥታ እንዲቀድም አዘዘ፤ የዊንዶውስም ሥራ ለሳምንታት ቆሞ ፕሮግራሙ ተመረመረ። ዳሩ ግን በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ትል ከ150 በሚበልጡ አገሮች ተሠራጨ። በእንግሊዝ አገር በሺሕ የሚቆጠሩ የሕሙማን ቀጠሮዎች ተሰረዙ። ትሉ የገባበትን ቀዳዳ የአሜሪካ ብሔራዊ የጸጥታ ድርጅት በምስጢር ይዞት ኖሮ ከእጁ ተሰርቆ የወጣ ነበር። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ሁለት ወር ቀድሞ ቢያወጣም፣ ብዙዎች በጊዜው አልተጠቀሙበትም።

ክፍቱም ወገን ከነቀፌታ አልዳነም። በብዙ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚሠራው ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለ የምስጢር ፕሮግራም፣ በ2012 የገባበት ስሕተት እስከ ሚያዝያ 2014 ድረስ ሳይታወቅ ቆየ። ጽሑፉ ለዓለም ሁሉ የተገለጠ ነበር፤ ነገር ግን ሁሉ ሌላው ያነበዋል ብሎ ስለ ተወው በቂ አንባቢ አላገኘም። በዚያን ጊዜ ለሥራው የሚደርሰው ስጦታ በዓመት 2,000 ዶላር ያህል ብቻ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ የዓለም ሸክም በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ወድቆ ኖሯል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የ2024ቱ ነገር ነው። ኤክስዜድ በተባለው ትንሽ ፕሮግራም ዘንድ ሁለት ዓመት ያህል ቅን ረዳት መስሎ የቆየ ሰው የጓሮ በር አበጀ። አንዱንም ወሳኝ ቁራጭ ሁሉ በሚያነበው ምንጭ ውስጥ ሳይሆን፣ ለሥርጭት በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ሸሸገው። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ኮምፒዩተር መግቢያው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ ነገሩን እስከ ሥሩ ተከታተለና፣ በሰፊው ሳይሠራጭ ደረሰበት። ሊደርስበት የቻለው ጽሑፉ ክፍት ስለ ነበረ ነው፤ እርሱ ራሱ ግን የማይክሮሶፍት ሠራተኛ ነበር።

እንግዲህ ታሪኩ ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ አይፈርድም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ መግለጥ የፈውስ መጀመሪያ ነው። ሆኖም የተገለጠ ቁስል ሐኪም ካላየው አይድንም። ጓጉንቸሩ ክፍት ሆነ ዝግ፣ የሚመረምረው ዐዋቂ፣ ለዐዋቂው የሚከፈል ዋጋ፣ የተገኘውንም እርማት ሳይውል ሳያድር ሥራ ላይ የሚያውል መሥሪያ ቤት ያስፈልገዋል።