ፍቺው እስኪወሰን በምን ይኖራል?

ባልና ሚስት ለፍቺ ፍርድ ቤት ሲቆሙ ሐሳባቸው ሁሉ በቤትና በንብረት ክፍፍል ላይ ነው። ክርክሩ እልባት እስኪያገኝ ግን ወራት ያልፋሉ። ለመሆኑ በእነዚህ ወራት ገቢ የሌለው ወይም ገቢው አነስተኛ የሆነው ወገን በምን ይተዳደራል?

የሐይቅ ነዋሪ አቤቱታውን የሚያቀርበው ለተሁለደሬ ወረዳ ፍርድ ቤት፣ የውጫሌ ነዋሪ ደግሞ ለአምባሰል ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ሁለቱም የሚዳኙት በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 213/1992 ሌላ ሕግ ቢሆንም በዚህ ነጥብ መንገዳቸው አንድ ነው። በፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 82 መሠረት፣ የፍቺ አቤቱታ የቀረበለት ፍርድ ቤት ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ፣ እንዲሁም ስለ ንብረቱ አስተዳደር ወዲያውኑ ትእዛዝ ይሰጣል። ከቤት የሚወጣውን ወገን ሲወስንም የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ያያል።

መብቱ የሚስት ብቻ አይደለም። ወሎን የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደሚጠቅም አይጠፋውም፤ ዓረብ አገር ሠርታ ገንዘብ የምትልከው ብዙ ጊዜ ሚስት ናት። በትዳር ውስጥ በሥራ የተገኘ ገቢ ደግሞ የማንም ላብ ቢሆን የጋራ ሀብት ነው። ስለዚህ መተዳደሪያ የሚጠይቅ ወገን ምጽዋት እየለመነ አይደለም።

ችግሩ ትእዛዙ ጊዜያዊ መሆኑ ላይ ነው። ፍቺው ከተወሰነ በኋላ ሕጋችን ለቀድሞ ባል ወይም ሚስት በየወሩ የሚከፈል ቀለብ አያውቅም። የሚቀረው የንብረት ድርሻ፣ የልጆች ቀለብና፣ ፍትሕ ሲያስገድድ የፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን የሚከፍለው ካሳ ነው። እንግዲህ መጠየቂያው ጊዜ አቤቱታው የሚገባበት ዕለት ነው። «ሽማግሌ ይጨርሰው» እያሉ የሚቆዩ ሰዎች ሽማግሌ ማስታረቅ እንጂ ማፋታት እንደማይችል ይዘነጋሉ።

በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት የሚቻለው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት ሁለቱም ሲፈቅዱ ነው። በዚያ ሥርዓት የሚታወቀው ባል በዒዳ ጊዜ ለሚስቱ የሚሰጠው ቀለብ ነው። ከመፍቀድ በፊት ሁለቱን ማነጻጸር ይበጃል።

ከፋዩ ደመወዝተኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ አሠሪው ቆርጦ እንዲከፍል ማዘዝ ይችላል። ከገበሬና ከነጋዴ ላይ ማስፈጸም ግን ይከብዳል፤ የሐዋላ ደረሰኝ፣ የባንክ ደብተርና የመሬት ይዞታ ደብተር ቅጂ ከአቤቱታው ጋር ቢያያዝ ዳኛው ገቢውን በግምት ከመወሰን ይድናል።