«ለመደ» ስለሚባለው ጀርም

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የክረምት ጧት አንድ የሥራ ባልደረባችን ጕሮሮውን ታሞ፥ ድምፁም ተዘግቶ ወደ ቢሮ ገባ። ወዲያውም ከየጠረጴዛው ምክር ይጐርፍለት ጀመር፤ በአገራችን ሰው ሲታመም ሐኪም የማይሆን ወዳጅ የለውምና። አንዱ ዳማ ከሴ አለው፤ ሁለተኛዋ ነጭ ሽንኩርት በማር አለችው፤ ሦስተኛው ግን ከመሳቢያው ውስጥ በወረቀት የተጠቀለሉ አራት የአሞክሲሲሊን እንክብሎች አውጥቶ፥ «ሁለት ቀን ውጬ ስለ ተሻለኝ የተረፈኝ ነው፤ እግዜር ይማርህ» ብሎ አስጨበጠው። ሦስተኛው ሰው እኔ ነበርሁ።

ባልደረባችን በሳምንቱ ዳነ፤ ምስጋናውንም እኔ ወሰድሁ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ግን የአጎቴ ልጅ ለብዙ ጊዜ ሲያስለው ከርሞ ቢመረመር፥ «መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ነው» ተባለ። እኛ ዘመዶቹም ተሰብስበን፥ «መድኃኒቱን እያቋረጠ ያስለመደው ራሱ ነው» ብለን ፈረድንበት። እርሱ ግን ከዚያ ቀን በፊት አንዲት የሳንባ ነቀርሳ እንክብል እንኳ በአፉ ገብታ የማታውቅ ሰው ነበረ። ያልቀመሰውን መድኃኒት እንዴት ሊላመድ ቻለ? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ቢነሣኝ መጻሕፍትን ማገላበጥ ጀመርሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ ያለፈ አይደለም፤ ሆኖም ለቃቅሜ ያገኘሁትን ታሪክ ለአንባብያን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የፔኒሲሊን መነሻ በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ አላስረዝመውም። በ1928 ስኮትላንዳዊው ሐኪም አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በለንደን ቅድስት ማርያም ሆስፒታል ከዕረፍቱ ሲመለስ፥ ስታፊሎኮከስ የሚባለውን መግል አምጪ ጀርም ካራባባቸው የብርጭቆ ሳሕኖች በአንዱ ላይ ሻጋታ በቅሎ፥ በሻጋታውም ዙሪያ ያለው ጀርም ሟሙቶ አገኘ። ነገሩን በሚቀጥለው ዓመት ጽፎ ቢያሳትምም፥ ከሻጋታው ፈሳሽ መድኃኒቱን አጣርቶ ለማውጣት ስላልተቻለው ግኝቱ ዐሥር ዓመት ያህል ተኝቶ ቆየ። የቀሰቀሱት የኦክስፎርድ ሊቃውንት ናቸው፤ ይኸውም አውስትራልያዊው ሐዋርድ ፍሎሪ፥ ከጀርመን አገር ተሰዶ የመጣው ኤርነስት ቼይን፥ እንዲሁም ስሙ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ኖርማን ሂትሊ። በሜይ 25 ቀን 1940 ስምንት አይጦችን ገዳይ ጀርም ወግተው ለአራቱ ፔኒሲሊን ሰጡ፤ ለአራቱ ከለከሉ። በማግስቱ ጧት የተከለከሉት አራቱ ሞተው፥ የተሰጣቸው አራቱ በሕይወት ተገኙ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን እምብዛም አይነገርም። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ኤድዋርድ ኤብርሃምና ቼይን «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አንድ አጭር ደብዳቤ አሳተሙ። በደብዳቤውም፥ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኤንዛይም እንዳላቸው ገለጹ፤ ስሙንም ፔኒሲሊኔዝ አሉት። አንባቢ ሆይ፥ ወሩን ልብ በል! በኦክስፎርድ ከሕመሙ እንዲፈወስ ተብሎ ፔኒሲሊን የተወጋው የመጀመሪያው ሰው አንድ ፖሊስ ሲሆን፥ መርፌውን ያገኘው በፌብሩዋሪ 1941 ነው። እንግዲህ መድኃኒቱ ያን ሰው ከማከሙ ሁለት ወር አስቀድሞ የመድኃኒቱ ማፍረሻ ታውቆ ነበር ማለት ነው።

የዚያ ፖሊስ ነገር በጣም ያሳዝናል። መርፌው እንደ ተጀመረለት በጥቂት ቀን ውስጥ ትኩሳቱ ወርዶ ምግብ ሊበላ ቻለ። መድኃኒቱ ግን እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፥ ከሽንቱ ውስጥ እንደ ገና እያጣሩ መልሰው ይወጉት ነበር። ይህም አልበቃ ብሎ አለቀ፤ ሕመሙም አገርሽቶበት በማርች ወር ሞተ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ በመሳቢያዬ ውስጥ በወረቀት ተጠቅልለው የነበሩት አራቱ እንክብሎች ትዝ አሉኝ።

ፍሌሚንግ፥ ፍሎሪና ቼይን በ1945 የኖቤልን ሽልማት ሲቀበሉ፥ ፍሌሚንግ በስቶክሆልም ባደረገው ንግግር አንድ ምሳሌ አመጣ። ጕሮሮውን የታመመ አንድ ሰው ፔኒሲሊን ገዝቶ ከሚገባው በታች ይወስዳል፤ የተረፈውም ጀርም ወደ ሚስቱ ይተላለፋል፤ እርስዋ ሳንባ ምች ይዟት በፔኒሲሊን ብትታከም አልሠራላት ብሎ ትሞታለች፤ የሞቷም ምክንያት ባሏ ይሆናል። እዚህ ላይ ታሪክ በአንድ ነገር ከፍሌሚንግ ጋር እንዳልተስማማ መናገር ይገባል፤ እርሱ በምሳሌው የጠራው የጕሮሮ ስትሬፕቶኮከስ እስከ ዛሬ ድረስ ለፔኒሲሊን ይሸነፋል። የከዳው ሌላው፥ ማለት በፍሌሚንግ ሳሕን ላይ ሟሙቶ የታየው ስታፊሎኮከስ ነው። ሜሪ ባርበር የተባለች ሐኪም በለንደን ሃመርስሚዝ ሆስፒታል ከሕሙማን የተገኘውን ስታፊሎኮከስ እየመረመረች ስትቈጥር፥ ፔኒሲሊንን የሚቋቋመው በ1946 ከመቶው 14 ያህል፥ በ1947 38፥ በ1948 59 ሆኖ አገኘችው። ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ጥቂቱ ብዙ ሆነ። እርስዋም እንደ ተረዳችው፥ በየሕሙማኑ ገላ ውስጥ ያለው ጀርም እየተለወጠ ሳይሆን፥ አስቀድሞም መቋቋሚያ የነበረው ዘር ሌላው ሲጠፋለት በሆስፒታሉ ውስጥ እየተዛመተ ነበር።

ከዚህ ላይ «ለመደ» የሚለውን ቃላችንን መመርመር ያስፈልጋል። በቅሎ ጭነት ትለምዳለች፤ ሕፃን ጡት መተውን ይለምዳል። በዚህ ልማድ ስናስብ ጀርሙም መድኃኒቱን ጥቂት ጥቂት እየቀመሰ የሚለምደው ይመስለናል። ብዙ ሊቃውንትም በዚያ ዘመን እንዲሁ ያስቡ ነበር። ይህን ሐሳብ ካናወጡት ሥራዎች አንዱ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ኤስተርና ጆሹዋ ሌደርበርግ በ1952 ያሳተሙት ነው፤ መሣሪያቸውም አንድ ቍራጭ ከፋይ ነበረ። መድኃኒት ፈጽሞ ባልነካው ሳሕን ላይ ጀርሞችን ካራቡ በኋላ፥ በእንጨት ላይ የተወጠረውን ከፋይ ማኅተም እንደሚመታ ሰው ጫን አደረጉበት፤ ያንኑ ከፋይ መድኃኒት ባለባቸው ሌሎች ሳሕኖች ላይ በተራ አተሙ። በመድኃኒቱ ላይ የበቀሉት ጥቂት ጀርሞች በሁሉም ሳሕን ላይ በአንድ ዐይነት ስፍራ ተገኙ። ወደ መጀመሪያው ሳሕን ተመልሰው ከዚያው ስፍራ ጀርም ቢወስዱ፥ መድኃኒቱን አይቶት የማያውቀው ጀርም አስቀድሞ የሚቋቋም ሆኖ አገኙት። ጀርሞች ሲራቡ የዘራቸው ጽሕፈት በአጋጣሚ ይሳሳታል፤ ከብዙ ሚሊዮን ስሕተት አንዲቱ የምትጠቅም ትሆናለች። መድኃኒቱ መቋቋምን አያስተምርም፤ የሚችለውን ከማይችለው ይለያል እንጂ።

ስንዴ ያረመ ሰው ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቀዋል። አራሚው ከስንዴው ተለይቶ የሚታየውን አረም ሁሉ ይነቅላል፤ ስንዴ የሚመስለው እንክርዳድ ግን ከእጁ ያመልጣል። እንክርዳዱ ስንዴ መምሰልን ከማንም አልተማረም፤ የማይመስሉት ስለ ተነቀሉ ብቻ ዘሩ ለከርሞ በዛ።

ወደ አጎቴ ልጅ በሽታ የሚያቀርበን ታሪክ የስትሬፕቶማይሲን ነው። ይህን መድኃኒት በ1943 ከአፈር ተሐዋሲ ያወጣው በኒው ጀርሲ በሰልማን ዋክስማን ሥር ይማር የነበረው አልበርት ሻትስ ነው፤ የ1952 የኖቤል ሽልማት ግን ለመምህሩ ብቻ ተሰጠ፤ የበታች ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ይህን ሲሰማ ራሱን መነቅነቁ አይቀርም። መድኃኒቱ ብሪታንያ በደረሰ ጊዜ ለሁሉ የሚበቃ ስላልነበረ፥ ጽኑ የሳንባ ነቀርሳ ከያዛቸው 107 ሕሙማን 55ቱ በዕጣ መድኃኒቱ ተሰጣቸው፤ 52ቱ እንደ ቀድሞው በአልጋ ዕረፍት ብቻ ቆዩ። በስድስት ወር ውስጥ ከ55ቱ የሞቱት 4፥ ከ52ቱ የሞቱት 14 ነበሩ። ውጤቱ በ1948 ሲታተም ታላቅ ደስታ ሆነ። ነገር ግን ከታከሙት የብዙዎቹ አክታ ሲመረመር፥ በውስጡ ያለው ጀርም በጥቂት ወራት ውስጥ ስትሬፕቶማይሲን የማይነካው ሆኖ ተገኘ። አምስት ዓመት ሲሞላ ከ55ቱ 32፥ ከ52ቱ 35 ሞተዋል። ያ ሁሉ የመጀመሪያ ልዩነት ወደዚህ ወረደ።

መፍትሔው ከዚያው ብዙም ሳይርቅ ተገኘ። በቈሰለ ሳንባ ውስጥ ጀርሙ እጅግ ብዙ ስለ ሆነ፥ አንዱን መድኃኒት የሚቋቋም ጥቂት አይታጣም። ለምሳሌ ያህል ከሚሊዮን አንዱ የመጀመሪያውን፥ ከሚሊዮን አንዱ ሁለተኛውን ይቋቋማል ብንል፥ ሁለቱን ባንድነት የሚቋቋም የሚገኘው ከሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን አንዱ ይሆናል። ስለዚህ ፓስ የሚባለው መድኃኒት ከስትሬፕቶማይሲን ጋር ተጣምሮ ተሰጠ፤ በ1952ም አይሶናያዚድ ታከለ። ዛሬ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙም የእንክብሉ ዐይነት ስለ በዛበት ቢያማርር፥ ምክንያቱ ይህ ስሌት ነው። ሕሙሙ አንዱን ትቶ አንዱን ቢውጥ፥ ወይም ሳል ስለ ቆመለት ብቻ በሁለተኛው ወር ቢያቋርጥ፥ ስሌቱ ይፈርሳል።

የጃፓን ታሪክ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት የደም ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ ለሰልፋ መድኃኒቶች፥ ለስትሬፕቶማይሲን፥ ለክሎራምፌኒኮልና ለቴትራሳይክሊን ባንድ ጊዜ የማይበገር ሆኖ በዚያ አገር ይታይ ጀመር። አራት ስሕተት ባንድ ጊዜ በአንድ ጀርም ላይ በአጋጣሚ ይደርሳል ብሎ ማሰብ አይቻልም። በ1959 የጃፓን ተመራማሪዎች ምስጢሩን ደረሱበት፤ በሰው አንጀት ውስጥ በሰላም የሚኖረው ኢ. ኮላይ አራቱንም የመቋቋሚያ ጂኖች ባንድ እሽግ አድርጎ ለሺጌላ ያስረክበዋል። ጀርሞች ሀብታቸውን ለልጅ ብቻ አያወርሱም፤ ለባዳም ያቀብላሉ። በ2015 በቻይና ኮሊስቲን የተባለውን የመጨረሻ መጠባበቂያ መድኃኒት የሚቋቋም እንዲህ ያለ ተላላፊ ጂን በአሳማና በሰው ጀርሞች ላይ መገኘቱ ሲገለጽ፥ ያስደነገጠው ይኸው ነገር ነው።

መቋቋሚያውም የዛሬ ፍጥረት አይደለም። በ2011 እንደ ተገለጸው፥ በሰሜን ካናዳ 30 ሺህ ዓመት በበረዶ ተይዞ በኖረ አፈር ውስጥ የፔኒሲሊንን ወገንና ቴትራሳይክሊንን የሚቋቋሙ ጂኖች ተገኝተዋል። ሻጋታና የአፈር ባክቴሪያ ሰው ሳያውቃቸው ሲዋጉ የኖሩ ስለ ሆነ፥ እኛ የአንደኛውን ወገን ጦር አንሥተን በሁለተኛው ላይ ስንሰብቅ፥ ጋሻው አስቀድሞ ተሠርቶ ቆየን። የኛ ሥራ ጋሻ ለባሹን ማብዛት ሆነ። በዓለም ላይ በ2019 ብቻ መድኃኒትን በተቋቋሙ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞቱት ሰዎች 1 ሚሊዮን 270 ሺህ ያህል እንደሚሆኑ ሊቃውንት ገምተዋል። መድኃኒቱ ካልሠራ የሚቀርብን የጕሮሮ ሕክምና ብቻ አይደለም፤ በቀዶ ጥገና መውለድም፥ የተሰበረ አጥንት በብረት ማሠርም፥ የካንሰር ሕክምናም ሁሉ ጀርም ቢገባ ይመለሳል በሚል እምነት የሚደረጉ ናቸው።

የአጎቴ ልጅ ያልቀመሰውን መድኃኒት የተላመደው እንግዲህ እንዲህ ነው፤ የተላመደው እርሱ ሳይሆን ጀርሙ ነበረ፤ ጀርሙም የተመረጠው በሌላ ሰው ሳንባ ውስጥ ነው። ያ ሰው ማን እንደ ሆነ፥ በታክሲ ይሁን በለቅሶ ቤት አጠገቡ የተቀመጠው፥ አይታወቅም። በአገራችን ይህን ዐይነት የሳንባ ነቀርሳ ማከም በአዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል በ2009 ተጀምሮ ስለ ነበረ መድኃኒት አላጣም። ሕክምናው ግን የዚያን ጊዜው ረጅሙ ነበረ፤ ሃያ ወር ሙሉ በየቀኑ እፍኝ እንክብል፥ በመጀመሪያዎቹም ወራት የስትሬፕቶማይሲን ወገን የሆነ መርፌ። ከ2022 ጀምሮ የዓለም የጤና ድርጅት ለብዙዎቹ ሕሙማን መርፌ የሌለበትን የስድስት ወር ሕክምና መክሯል፤ ለእርሱ ግን አልደረሰለትም።

እኛም የፈረድንበትን ቃል ይቅርታ ጠይቀን አነሣን። አንድ ቀንም አላቋረጠም፤ ፈጽሞም ድኗል። መርፌው ጆሮውን ስለ ጐዳው ግን፥ ዛሬ ከእርሱ ጋር የሚጫወት ሰው በግራ በኩል ተቀምጦ ድምፁን ከፍ ማድረግ አለበት።