ይድረስ ለላስታ፤ ከነጋሪት እስከ ዜና ደብዳቤ

የላስታ ደጋ መልእክትን የሚፈትን አገር ነው። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ቀድሞ ሮሃ ትባል የነበረችው ላሊበላ ደግሞ በ2500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ በየመካከሉ ገደልና ሸለቆ ይፈራረቃል። እንዲህ ባለ አገር አንድ ቃል ከብዙ ሰው ዘንድ እንዲደርስ፣ ላኪው በምን እንደሚታወቅ፣ ቃሉ ምን ያህል እንደሚያጥርና ተቀባዩ መቼና የት እንደሚገኝ አስቀድሞ ይታሰብ ነበር።

አዋጅ የሚነገረው ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ በገበያ ቀን ነው። በመጀመሪያ ነጋሪት ይጎሰማል፤ ቀጥሎ ዐዋጅ ነጋሪው ቃሉን ያሰማል፤ በመጨረሻም የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ ይታዘዛል። የቅዳሜ ገበያተኛ ወሬውን ይዞ ወደየቀበሌው ይመለሳል። ነጋሪቱ የባለሥልጣኑ ምልክት በመሆኑ ማንም ተነሥቶ ሊጎስመው አይችልም ነበር። መንግሥት በ1934 ዓ.ም. ሕግ የሚያወጣበትን ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» ብሎ መሰየሙም ይህንኑ ያስታውሳል።

ደብዳቤም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ማኅተሙ ከራስጌ ያርፋል፤ «ይድረስ» የሚለው ቃል ተቀባዩን ይለያል፤ ከሰላምታ በኋላ ጉዳዩ ይነገራል። አንድን ጽሑፍ ለብዙ አንባቢ በየጊዜው የመላክ ልማድ የተጀመረው ግን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በ1890ዎቹ ዓ.ም. አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ «አእምሮ» የተባለውን ጋዜጣ ሲጀምር በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይሠራጭ ነበር። ሃያ አራት ጊዜ በእጅ የሚገለበጥ ጽሑፍ ትርፍ ቃል አይሸከምም።

ይህ ቁጠባ ከዘመናት በኋላ በሌላ መልክ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ደብዳቤ ላከ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በአዲስ አበባ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለው ክፍል ፊዶኔት በተባለው ዘዴ የኢሜል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ደብዳቤዎች ተጠራቅመው በአንድ የስልክ ጥሪ ስለሚላኩ እያንዳንዱ ፊደል ዋጋ ነበረው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የአማርኛ ጽሑፍ ከተቀባዩ ዘንድ የማይነበብ ምልክት ሆኖ መድረሱ የተለመደ ነበር።

ዛሬ ማኅበራት ለአባሎቻቸው የሚልኩት ዜና ደብዳቤ የእነዚህ ሁሉ ወራሽ ነው። ማኅተሙን የሚተካው የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጠው ስውር ፊርማ ነው፤ ጉግልና ያሁም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በብዛት ከሚልኩ ሁሉ ይህንኑ ይጠይቃሉ፤ ተቀባዩም በአንድ ንክኪ ከዝርዝሩ መውጣት እንዲችል ያስገድዳሉ። ነጋሪቱን የሚተካው ርእሱ ነው፤ በስልክ መስኮት ላይ የሚታዩት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት ስለሆኑ ዋናው ጉዳይ ከፊት መቅደም አለበት። የገበያው ቀን ምሳሌ ደግሞ በታወቀ ቀን ሳይዛነፍ መላክ ነው።

ክብደቱም ሊሰላ ይገባል። በተለመደው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 3000 ፊደል ያለው ጽሑፍ 9 ኪሎ ባይት ይሆናል፤ ለመላክ ሲዘጋጅ በሲሶ ጨምሮ 12 ቢደርስም ቀላል ነው። አንድ ፎቶግራፍ ግን ብቻውን የዚህን ብዙ እጥፍ ሊመዝን ይችላል። ስለዚህ ቁም ነገሩ በጽሑፍ እንጂ በሥዕል ውስጥ ሊቀመጥ አይገባም።

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ግን የዝርዝሩ አያያዝ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ መብራትና ስልክ ተቋርጦ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔትም በብዙ ቦታ እስከ 2016 ዓ.ም. ክረምት ድረስ አልተመለሰም። በብዙ አገር የተለመደው መመሪያ ለስድስት ወር ደብዳቤ ያልከፈተን ሰው ከዝርዝር ሰርዙ ይላል። ይህ ሕግ በላስታ ላይ ቢሠራ፣ መስመር የተቋረጠበት ባልደረባ እንደ ቸልተኛ ተቆጥሮ ይሰረዛል፤ መስመሩ ሲመለስም ማኅበሩ ጠፍቶ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ዝርዝር የሚይዝ ሰው ከመሰረዙ በፊት ዝምታው ከምን እንደ መጣ ይመርምር፤ በስልክ ወይም በአካባቢው ባለ አባል በኩል ይጠይቅ፤ ያመለጡትንም እትሞች በአንድ አጭር ደብዳቤ አጠቃልሎ ይላክ። የጥንቱ ዐዋጅ ነጋሪ ያልሰማውን ሰው ከሕዝቡ አላወጣውም፤ የሰማው እንዲነግረው አዘዘ እንጂ።