የባሲል ኦኮነር የሥራ ታሪክ

ሰው በራሱ ላይ ለደረሰው ደዌ መድኃኒት ቢሻ የተፈጥሮ ግዴታ ነው፤ ወዳጁ ስላገኘው ደዌ ዕድሜውን ሙሉ የደከመ ሰው ግን ታሪኩ ሊጻፍለት ይገባል። እንደዚህ ካሉት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ባሲል ኦኮነር ነው። ይህ ሰው በ1892 ዓመት (የዚህ ጽሑፍ ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በማሳቹሴትስ አገር ቶንተን በምትባል ከተማ ተወለደ። በሃርቫርድ ሕግ ተምሮ በኒውዮርክ ጠበቃ ሆነ፤ በዚያም ከፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋራ በጥብቅና ሥራ ተባበረ።

ሩዝቬልት በ1921 ዓመት በ39 ዓመቱ የልጅነት ልምሻ የሚባለው በሽታ ይዞት እግሮቹ ሰልለው ነበር። በ1926 በጆርጂያ ያለውን የዋርም ስፕሪንግስን ፍል ውሃ ገዝቶ ለሕሙማን መታከሚያ አደረገው። በ1928 የኒውዮርክ አገረ ገዥ ሆኖ በተመረጠ ጊዜ ግን ያን ሥራ ለኦኮነር አስረከበው። ኦኮነር አስቀድሞ ለበጎ አድራጎት ሥራ ምኞት ያልነበረው ሰው ነው፤ ዳሩ ግን የወዳጁን አደራ እንቢ አላለም።

በ1938 ሩዝቬልት ፕሬዚዳንት ሳለ፥ ልምሻን ለመዋጋት አገር አቀፍ ማኅበር ተቋቋመና ኦኮነር አለቃው ሆነ። ብዙ ዘመንም ያለ ደመወዝ አገለገለ። የማኅበሩም ብልኀት ከጥቂት ባለጸጎች ብዙ ከመለመን ይልቅ ከብዙ ሕዝብ ጥቂት መለመን ነበረ። ኤዲ ካንተር የሚባል የራዲዮ ተጫዋች፥ ሰው ሁሉ የዶላር አሥረኛ እጅ የሆነችውን ዳይም ለፕሬዚዳንቱ እንዲልክ ለመነ፤ 2,680,000 ዳይም ወደ ቤተ መንግሥቱ ጎረፈ። በወንጌል የተመሰገነችው መበለት ሁለት ሳንቲም ብቻ ሰጥታ ነበርና፥ ታናሽ ስጦታ የማትናቅ መሆንዋ በዚህ ደግሞ ታወቀ።

ነገር ግን ሥራው ነውር አልታጣበትም። ዋርም ስፕሪንግስ ነጮችን ብቻ ይቀበል ስለ ነበረ ጥቁሮቹ ሕፃናት ከደጅ ይቀሩ ነበር። ጥቁሮች ስለዚህ በብርቱ ቢወቅሱ፥ ማኅበሩ በአላባማ በተስኪጊ ሕክምና ቤት እንዲሠራ ገንዘብ ሰጠ፤ በ1941ም ተከፈተ። ይህም መልካም ሥራ ነው፤ ቢሆንም ልዩነቱን አላጠፋውም።

ኦኮነር የተሰበሰበውን ገንዘብ በሁለት ከፈለው፤ አንዱ ሕሙማንን ለመርዳት፥ ሁለተኛው የበሽታውን ሥር ለመመርመር ነበረ። እርሱ ራሱ ሐኪም ስላልነበረ ሊቃውንትን መርጦ ይረዳቸው ነበር። ከነዚህም ዮናስ ሳልክ በፒትስበርግ፥ አልበርት ሳቢን በሲንሲናቲ ይሠሩ ነበር። በዚህም መካከል በ1950 የኦኮነርን ልጅ፥ ሴት ወይዘሮ ሆና ሳለች፥ ያው በሽታ ያዛት፤ የወዳጁም መከራ የራሱ ቤት መከራ ሆነ። በ1952 ደግሞ በአሜሪካ ከ57,000 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ከ3,000 በላይም ሞቱ።

ሳልክ የተገደለ ተሐዋሲ ያለበትን ክትባት ባዘጋጀ ጊዜ፥ በ1954 በማኅበሩ ወጪ 1.8 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎች የተሳተፉበት ፈተና ተደረገ። ከነዚህም አንዳንዱ እውነተኛውን ክትባት፥ አንዳንዱ ኃይል የሌለውን ውሃ ተወጉ፤ ሌሎቹም ሳይወጉ ለማነጻጸሪያ ተመለከቱ። ኦኮነርም ውጤቱ ሳይታወቅ የ9 ሚሊዮን ዶላር ክትባት እንዲሠራ አዘዘ፤ ክትባቱ የማይረባ ሆኖ ቢገኝ ኖሮ የድኆች ሳንቲም ሁሉ በከንቱ በቀረ ነበር። ሩዝቬልት በሞተ በ10ኛው ዓመት፥ በዕለቱ፥ ሚያዝያ 12 ቀን 1955፥ ክትባቱ እንደሚያድን ተነገረ።

ዳሩ ግን ደስታው ገና ሳይበርድ፥ ከአንድ ፋብሪካ የወጣው ክትባት ሕያው ተሐዋሲ ተገኝቶበት ብዙ ሕፃናት ሰለሉ፥ 10 ሰዎችም ሞቱ። ስለዚህ የአሠራሩ ምርመራ ጸንቶ ክትባቱ ቀጠለ፤ በ1957 የታማሚው ቁጥር ከ6,000 በታች ወረደ።

ከድሉ በኋላ ማኅበሩ እንዲፈርስ የሚያስቡ ነበሩ፤ ኦኮነር ግን በ1958 ከልደት ጋራ የሚመጣን ጉድለት ወደ መመርመር አዞረው። በ1972ም በ80 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ በዚያው ሥራ ጸና።

እንግዲህ መድኃኒቱን ያገኙት ሊቃውንት ናቸው፤ ገንዘቡንም የሰጠ ሕዝብ ነው። የኦኮነር ድርሻ በሁለቱ መካከል የታመነ መጋቢ ሆኖ መቆም ነበረ። መጋቢ ባይታመን ሰጪው እጁን ይሰበስባል፤ ሊቁም በባዶ ቤት ይቀመጣል።